በክርስትና ስማቸው የመዘገብኋቸው አባቴ

ሞጣ፣ ጥር 16 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ጤናዎን በመጠየቅ ልጀምር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ቆይቼ ዛሬ ብጠይቅ ሰሚ ይስቅብኛል ብዬ ተውሁት። እኔ ደኅና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ መሪጌታ ሣህለ ማርያም እንደሚያነቡልዎት አውቃለሁ። በሰፈራችን የሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚነበበው በእሳቸው አፍ ነው። እሳቸው ሲያነቡ ደግሞ ጎረቤቱ አጥር ሥር ቆሞ ይሰማል። ይህን አውቄ ነው የጻፍሁት። መሪጌታ፣ እባክዎ አንድም ቃል አይዝለሉብኝ። አባቴ «ይብቃ» ቢሉዎትም ያንብቡ።

እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የተማርሁት ካሠለጠኑን ሰው፣ ከአቶ ገብረ ሕይወት ነው። «ያየሽውን ጻፊ። የመሰለሽን ከፈለግሽ ከታች በሌላ መስመር ጻፊ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም» ይሉን ነበር። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነ አስቀምጣለሁ። የመሰለኝ ሲመጣ የመሰለኝ ነው ብዬ እነግርዎታለሁ።

በ1961 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወደ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ወደምኖርበት ወደ አክስቴ ወደ ወለተ ሐና ቤት መጡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የጥንት ሰዎች የኖሩበትን ቦታ የሚቆፍሩ፣ የሚለኩና የሚመዘግቡ ሠራተኞች ለማሠልጠን ስድስት ተማሪ መምረጡን፣ አንዷ እኔ መሆኔን፣ ከስድስታችን ደግሞ ሁለቱ በወር ደመወዝ እንደሚቀጠሩ ነገርሁዎት። 

«አፈር ነው የምትቆፍሪው?» አሉኝ።

«አዎ፤ ግን...»

«አፈርማ እኔ ዘንድም ነበረልሽ። ለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ምን አለፋሽ?»

በቁጣ አልተናገሩም። እኔ ግን በቁጣ መለስሁ። «እርስዎ የሚቆፍሩት ለሆድ ነው። እኔ የምቆፍረው ለእውቀት ነው» አልሁዎት። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እርስዎ የቀረበልዎትን ምሳ ሳይነኩ ተነሡ፤ በቅሎዎን ጭነው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ኅዳር አልተያየንም።

ሥልጠናው የተጀመረው በጥቅምት ነው። ቦታው እዚያው ብቸና አጠገብ፣ ከቤታችን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዋልካው መሐል ያለው ያ ድንጋያማ ጉብታ ነበር። እኔ አልመረጥሁትም። የአገሩ ሰው አንዱ የንጉሥ ቤት ነበረ ይላል፤ ሌላው የጠፋ ገዳም ነው ይላል። አቶ ገብረ ሕይወት «ሳንቆፍር ስም አንሰጠውም» ስላሉ በእኛ ደብተር ላይ «ጉብታው» ብቻ ይባላል። ችካል መትተን፣ ሲባጎ ወጥረን መሬቱን በእኩል በእኩል እየከፈልን፣ በግንበኛ ማንኪያ አፈር በስሱ እየላጥን ሁለት ወር ከረምን። ወንፊት መንፋት፣ ገል ማጠብና ቁጥር መስጠት፣ የጉድጓዱን ግድግዳ በወረቀት ላይ መሳል ተማርን። ከመሬቱ ባለቤትና ከደብሩ አለቃ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩም ተማርን፤ ይህኛውን ከሁሉ ይልቅ ያጠብቁብን ነበር።

«ቆፋሪ ሞልቷል» ይሉን ነበር አቶ ገብረ ሕይወት። «ደመወዝ የሚከፈላችሁ ሰው አስተባብራችሁ ስለምታሠሩ ነው። አንድ ጊዜ የተቆፈረ አይመለስም። ያልጻፋችሁት ነገር አልነበረም ማለት ነው።»

ከስድስታችን ጎበዙ ሐምዱ ነበር፤ የሞጣ ልጅ ነው፣ አባቱ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከሕፃንነቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ስላደገ መለኪያ ሲይዝ እጁ አይሳሳትም። እኔም ሁለተኛ ነበርሁ፤ ግን ከእኔ ኋላ ያሉት ብዙ አይርቁም ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ይህ ነበር፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ሠራተኞች መዝግቦ አንድ ጉድጓድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሠራል። አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረ፤ ዘመድ አይመዘገብም። ሌላ ቦታ ላይ አጎትና የአጎት ልጅ መዝገቡን ሞልተውት ሥራው ተበላሽቶ ያውቃል። አቶ ገብረ ሕይወት የብቸና ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ ደንቡን ሲያነቡ እኔን እያዩ ነበር።

ምዝገባው ቅዳሜ ሆነ። ግራር ሥር ጠረጴዛ አውጥቼ ተቀመጥሁ፤ አቶ ገብረ ሕይወት ከኋላዬ ቆሙ። ስድስት ሰው ጽፌ ቀና ሳልል «ስም?» አልሁ።

«ወልደ ሰንበት» አለኝ ድምፅ።

ቀና አልሁ። የለበሱት እናቴ የፈተለችውን ጋቢ አልነበረም፤ የማላውቀው አሮጌ ቡሉኮ ነበር። ዓይንዎ እኔ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አገር ሁሉ ፋንታ ብሎ የሚያውቅዎትን፣ የእኔም የአባት ስም ፋንታ ሆኖ ሳለ፣ ቄስ ብቻ የሚጠራዎትን የክርስትና ስም ለምን እንደ ሰጡኝ ወዲያው ገባኝ።

«የአባት ስም?» አልሁ።

«ኪዳነ ማርያም።» የአያቴም የክርስትና ስማቸው ነው።

«ዕድሜ?»

«ለሥራ የማያንስ» አሉ።

ጻፍሁ። ሰባተኛ ተራ ላይ ነዎት። «ቀጥሎ!» አልሁ።

የመሰለኝን እዚህ ላይ እነግርዎታለሁ። ቤታችን እህል ያለቀ መሰለኝ። ለሆድ ነው ያልሁት ቃል ደርሶብዎት፣ ለቀን ሥራ ተሰልፈው የመጡ መሰለኝ። አፈርሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽም የረታሁ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ዶማና አካፋውን ደርድሬ ስም ጠራሁ። አሥራ አምስቱም «አቤት» አሉ። አንዱም ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። ከመካከላቸው አንድ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ማኅበር ይጠጣል፤ ምናልባትም አሁን አጥሩ ሥር ቆሟል።

«ወንድ አዛዥ የለም ወይ?» አለ።

«አዛዣችሁ እኔ ነኝ።»

«እኛ በሴት አፍ ዶማ አንሥተን አናውቅም። ሚስቶቻችን ቢሰሙ ይስቁብናል።»

ሁሉም ሳቁ። አቶ ገብረ ሕይወት ማዶ ቆመው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። አንድ ቃል እንደማይናገሩልኝ አስቀድመው ነግረውኛል። የተሰጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሠራተኞቼን ካላሠማራሁ ወድቄያለሁ። በትሕትና ለመንሁ። የሥራውን ደንብ አነበብሁ። «ሌላ እቀጥራለሁ» ብዬ አስፈራራሁ። «ቅጠሪ» አሉኝ። ሐምዱ ከጎረቤት ጉድጓድ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ።

ከዚያ እርስዎ ከኋላ ተነሡ። ቡሉኮዎን አጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩ። መጥተው ፊቴ ቆሙ፤ ዶማ አነሡ። ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

«ከየት ልጀምር፣ እሜቴ?» አሉ።

አባት ልጁን እሜቴ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እዚያ የነበሩትም ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከአቶ ገብረ ሕይወትና ከሠልጣኞቹ በቀር ማን መሆንዎን የማያውቅ ሰው በዚያ ጉብታ ላይ አልነበረም። በጣቴ ማዕዘኑን አሳየሁ። «ከዚያ፤ ከሲባጎው ሳይወጡ» አልሁ። «እሺ» ብለው ሄዱ። ዶማዎ ሦስት ጊዜ መሬት ከነካ በኋላ ያ ትከሻ ሰፊው ሰው አቀርቅሮ ተነሣ። የቀሩትም ተከተሉት። ቅርጫት ተሸካሚዋ ይርጋነሽ ስታልፍ «ሰዓቱ ገና ነው» አለችኝ በቀስታ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ትእዛዜን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ዋልካ አፈር ለተማረ ሰው አታላይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። በሁለተኛው ሳምንት በድንገት ዶማዎን አቆሙ። «እሜቴ፣ እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ» አሉ። እኔ አልሰማሁም። አቶ ገብረ ሕይወት መጡ። እርስዎ አፈሩን ቆንጥረው በጣትዎ አሹት፤ ምላስዎ ላይ አኖሩትና ተፉት። «ላይኛው ውኃ ያመጣው ነው። ይህ ግን አመድ የበላ ነው፤ ሰው ያነጠፈው ነው» አሉ። በማንኪያ ስንጠርገው የተደለደለ ወለል ወጣ፤ ወለሉ መሐል ምድጃ፣ ምድጃው ዙሪያ ገል። አቶ ገብረ ሕይወት ስድስታችንንም ጠርተው አንበረከኩንና «ከእኝህ ሰው ተማሩ» አሉን። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ አፈር በጣት፣ በጆሮና በምላስ መለየት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የዚያን ሳምንት ደብተሬ እዚህ አለ። «ሠራተኛ ወ.ሰ. እንደ ገለጸው» ይላል። «እንደ ገለጹት» እንኳ አላልሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ከግድግዳው ድንጋይ ወርዶ ግራ እግርዎን መታዎት። የአውራ ጣትዎ ጥፍር ተነቀለ። የቁስሉ ሣጥን በእኔ እጅ ነበር። ውኃ አምጥቼ ተንበረከክሁ፤ እግርዎን አጠብሁ፤ ጠቀለልሁ። ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ስነካዎት የመጀመሪያዬ ነበር። እርስዎ ወደ ማዶ እያዩ፣ ከንፈርዎ ሳይንቀሳቀስ፣ «እናትሽ ደኅና ናት» አሉኝ።

«ነገ ካልተሻለዎት አይምጡ» አልሁ፤ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

በማግስቱ መጡ።

በአራተኛው ሳምንት ሦስት ቀን አከታትሎ ያረፈደ አንድ ሠራተኛ በደንቡ መሠረት አሰናበትሁ። ሰውዬው በቀጥታ ወደ አቶ ገብረ ሕይወት ሄደ። «ለእኔ ደንብ አለ፤ ለአባቷ ሲሆን የለም» አላቸው። አቶ ገብረ ሕይወት ሥራ አስቆሙ። ሁላችንንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰቡን። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

«አገሬ፣ እኝህ ሰው አባትሽ ናቸው?» አሉኝ በስሜ ጠርተው።

ለመመለስ ብዙ ጊዜ አልፈጀሁም። ብዙ አሰብሁ ብልዎት ውሸት ይሆናል።

«አይደሉም» አልሁ።

«ዘመድሽስ?»

«አይደሉም። ከዚህ ሥራ በፊት አላውቃቸውም።»

ወደ እርስዎ ዞሩ። «አባቴ፣ ይህች ልጅ ልጅዎ ናት?»

እርስዎ ዶማውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣

«እንዲህ ያለች ልጅ ኖራኝ ዶማ እይዛለሁ» አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። አቶ ገብረ ሕይወትም ፈገግ አሉ፤ ከሳሹን ሸኙት፤ «ወደ ሥራ» አሉ። እርስዎ እስከ መውጫ ሰዓት ቆፈሩ። ማታ ከዶማዎ ላይ አፈሩን በሣር ጠርገው ለመሣሪያ ጠባቂው መለሱ። ሌላ ጊዜ ጠባቂው ነበር የሚጠርገው።

በማግስቱ ስም ስጠራ «አቤት» አላሉም። «ቀሪ» ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛ ቀን «ቀሪ»። ሦስተኛ ቀን «ቀሪ»። በአራተኛው ቀን ደንቡ እንደሚያዘው ሰባተኛውን ተራ ሰረዝሁት። ማስመሪያ ተጠቅሜ ነው የሰረዝሁት፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

በየካቲት ውጤቱ ተነገረ። ሐምዱና እኔ ተቀጠርን። አቶ ገብረ ሕይወት ስለ እኔ በጻፉት ላይ «እምቢ ያሉ ሠራተኞችን በትዕግሥት ማሠማራት የቻለች» የሚል አለበት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ወደ ላከኝ ሁሉ ሄድሁ። ሁለት ጊዜ በብቸና አለፍሁ። ከመኪናው አልወረድሁም። ለእናቴ በሰው እጅ ነጠላና ስኳር ላክሁ፤ ለእርስዎ ምን እንደምልክ አላወቅሁም። የመሰለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ተርበው በመጡበት የካድኋቸው አባቴ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም። እርስዎ ግን በአንድም ሰው ክፉ ቃል አልላኩብኝም፤ ደግም አልላኩብኝም።

ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምሮ ሐምዱና እኔ ሞጣ ነን። መሥሪያ ቤቱ ስምንት አዳዲስ ሠልጣኞች ሰጥቶን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፍርስራሽ እያስቆፈርን ነው። እኔ የሥልጠናው ኃላፊ፣ ሐምዱ ምክትሌ። እናቱ እሜት መሪማ ሁለታችንንም «የጉድጓድ ልጆች» ይሉናል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ሥራ ፍለጋ ጉድጓዳችን ድረስ መጣች። ሞጣ ለተዳረች ልጇ አራስ ጥየቃ መጥታ ሰንብታ ኖሯል። ይርጋነሽ ነበረች። ሠልጣኞቹ ሲለኩ ቆማ አየቻቸውና፣

«አሁንም አፈር ትለኪያለሽ?» አለችኝ።

ተሳሳምን። ጥቂት ስለ አገር ካወራን በኋላ፣

«አባትሽ ዘንድ ለምን አትሄጅም?» አለችኝ።

«አፍሬ» አልኋት። «ተርበው በመጡበት ካድኋቸው።»

«ማነው የተራበ?»

«አባቴ ናቸዋ።»

ይርጋነሽ የምቀልድ መስሏት ፊቴን አየች። ከዚያ ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ በዚያ ዓመት የአባትሽን ጤፍ የሚያህል በአገሩ አልነበረም። ታጭዶ እርሻው ላይ ተከምሮ ነበር። ወንዶቹ ብቸና ገበያ ላይ ጠላ ቤት ተቀምጠው ተማማሉ። 'ያቺ የፋንታ ልጅ ልታዘን ነው አሉ። እንመዘገባለን፤ ግን አንነሣላትም። ወደ መጣችበት እንመልሳታለን' አሉ። አባትሽ ይህን ሰሙ። ማታውኑ ከወንድሜ ቡሉኮ ተዋሱ። እናትሽ 'ጤፉስ?' ብትል 'ጤፍ ከርሞም ይበቅላል' አሏት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብለው ይነግሩሻል? ደንብ አለባችሁ አይደል?»

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። በታኅሣሥ ያለ ጊዜው ሦስት ቀን መዝነቡን፤ ክምሩን የሚያነሣ እጅ ጠፍቶ ግማሹ እዚያው መብቀሉን፤ ያን ክረምት እርስዎና እናቴ ጓያ ስትበሉ መክረማችሁን። ያን ዝናብ አስታውሰዋለሁ። ጉድጓዴን በሸራ ሸፍኜ ነበር። አንድም ጠብታ አልገባበትም።

ከጉድጓድ የወጣ አፈር ክምር ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ሠልጣኝ መጥቶ ስለ ግድግዳው ልኬት ጠየቀኝ። በትክክል መለስሁለት። ሄደ።

«ያን ያሉትስ ቃል?» አለች ይርጋነሽ። «'እንዲህ ያለች ልጅ ኖራኝ ዶማ እይዛለሁ' ያሉትን፤ አንቺም እንደ አለቃሽ ጥያቄ መሰለሽ? ለምን እንደራቅሽ አሁን ገና ገባኝ! እኛ የሳቅነው እኮ ሌላውን ሰምተን ነው።»

መሪጌታ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዝቅ አድርገው ያንብቡት። ቅኔ ከእርስዎ ደጅ ሳይማሩ አባቴ ምን እንዳሉ እርስዎ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። እኔ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። እንደ ጥያቄ ሰምቼው፣ እንደ እኔ ካዱኝ ብዬ ነበር። አባቴ፣ እርስዎ ግን አልካዱኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን ነው የተናገሩት። የዋሸሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

የዚያኑ ዕለት ለሐምዱ ነገርሁት። አልደነገጠም።

«ወላሂ፣ እኔ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«እግራቸውን ስታጥቢ አየሁሽ። የሠራተኛ እግር እንደዚያ አይታጠብም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ? የሥራው ቦታ ሁለት ብቻ ነበር። አንተም ትፈልገው ነበር።»

«ምን ብዬ ልናገር? ያየሁት አንዲት ሠልጣኝ የቆሰለ ሰው እግር ስታጥብ ነው። የቀረው የመሰለኝ ነበር።»

ለአቶ ገብረ ሕይወት ሁለት ገጽ ጻፍሁላቸው። እንደ ሪፖርት፣ በቀንና በተራ። መልሳቸው በጥር መጀመሪያ ደረሰኝ፤ አጭር ነው። «ሰውየውን መመዝገብሽ ጥፋት ነው። ተጠይቀሽ ሐሰት መመለስሽ የባሰ ጥፋት ነው። ከየካቲት አንድ ቀን ጀምሮ ሥልጠናውን ሐምዱ ይመራል፤ አንቺ በእሱ ሥር መዝጋቢ ትሆኛለሽ። ከሥራ አላሰናብትሽም። በሪፖርቱ ላይ የሠራተኛው ስም በትክክለኛው እንዲታረም አዝዣለሁ» ይላል። ፍርዱ ትክክል ነው። አልተከራከርሁም። ሐምዱ ሊከራከርልኝ ፈልጎ ነበር፤ ከለከልሁት።

ለሠልጣኞቹም ራሴ ነገርኋቸው፤ ከሌላ እንዳይሰሙት።  አንደኛዋ፣ ባንቺዓለም የምትባል የጉንደ ወይን ልጅ፣ እጇን አነሣች።

«ታዲያ ያን ዕለት ምን ማለት ነበረብዎት?»

«'አባቴ ናቸው' ነበራ።»

«ይባረሩ ነበራ!»

«አዎ» አልኋት።  ወደ ልኬታችን ተመለስን።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ይቅርታ በደብዳቤ አልለምንም፤ ፊትዎ ቆሜ ነው የምለምነው። ደብዳቤው ሌላ ሥራ አለው። የካድሁዎት በአሥራ አምስት ሠራተኛ ፊት ነው፤ አብዛኛው ያው የእኛና የወንዝ ማዶ ደብር ሰው ነው። መሪጌታ፣ ለአባቴ ካነበቡላቸው በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰንበቴ ላይ እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ። አባቴ እሺ አይሉም። እኔ ልጃቸው እሺ ብያለሁ ይበሏቸው።

አባቴ፣ የካቲት አንድ ቀን ሥልጠናውን ለሐምዱ አስረክቤ በማግስቱ ወደ ብቸና በሚሄደው መኪና እሳፈራለሁ። አሥር ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ከብቸና በእግሬ እመጣለሁ፤ በቅሎ ይዘው ሊቀበሉኝ እንዳይወጡ። ሊያዩኝ ካልፈለጉም በር ላይ ራስዎ ይንገሩኝ እንጂ ሰው አይላኩብኝ። እናቴ እህል ቤት አድር ዘንድ ትፈቅድልኛለች ብዬ አስባለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ተመልሼ በሩ ላይ እቆማለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በጎጃም ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነሽ?» ተብሎ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ «የብቸና ልጅ ነኝ» እያልሁ ሳልፍ ኖርሁ። ትናንት ሞጣ አጠገብ አንድ ሽማግሌ መሬታቸው ላይ እንድንቆፍር ሊፈቅዱልን ሲነጋገሩ፣ አፈሩን በምላሴ ስቀምስ አዩኝና ቀረብ አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የፋንታ።»

«የትኛው ፋንታ?»

ሐምዱ የመሬቱን ውል ይዞ ይጠብቀን ነበር። ይጠብቅ አልሁና ከሽማግሌው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነገርኋቸው።

ልጅዎ፣
አገሬ ፋንታ